ከሕዝቡ መሃል አንድ ሳቅ

ኡመርኮት አካባቢ፣ ሲንድ፣ ፓኪስታን
ማርች 3 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.

ለፊልሙ ሠሪዎች፣
ሙምባይ

አሰላሙ አለይኩም። ስማችሁን ስለማላውቅ ሰላምታዬ ከዳይሬክተሩ እስከ ወጥ ቤቱ ሠራተኛ ለሁላችሁም ይድረስ። የማታውቋት ሴት፣ ያውም ከዚህኛው ወገን፣ ደፍራ ስለጻፈችላችሁ ይቅር በሉኝ። የድርጅታችሁን ስም የቀዳሁት በፊልሙ መጨረሻ ከሚያልፈው ጽሑፍ ነው። አድራሻውን ስላላወቅኩ “ሙምባይ” ብቻ ብያለሁ። አላህ ካለ ፖስተኛው ያገኛችኋል።

ስሜ አምናት ነው። ከድንበሩ ብዙ በማይርቅ የበረሃ መንደር የሴት ልጆች አስተማሪ ነኝ። የምጽፈው ስለ ወንድሜ ነው።

ያን የጠፋውን የሲኒማ መኪና ፊልማችሁን መንደራችን አይቶታል። ፊልም አሳዪው በአሸዋ ማዕበል መንገድ ስቶ እኛ አገር ሲገባ፣ የመንደሩ ሰዎች “ሁለተኛውን ክፍል ሳታሳየን ንቅንቅ አትልም” ሲሉት፣ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ እናንተ ዘንድ ቀርቶ ሲገኝ፣ በጎረቤታችን በሐጂ ሳሌህ ግቢ ሆዱን ያልያዘ ሰው አልነበረም። “እነዚህ ሰዎች እኛን እንዲህ ያውቁናል እንዴ?” ያለም ነበር። “ጥምጣም ማሰር ግን አልቻሉበትም” ያለም አልጠፋም።

እናቴ ባቻኢ ዓይኗ ከከዳት ቆይቷል። ፊልም የምትከታተለው እንደ ሬዲዮ ነው። ሕዝቡ ነጩ አንሶላ ፊት ተቀምጦ የሚስቅበት ቦታ ሲደርስ ከተቀመጠችበት ብድግ አለችና “ኻሚሶ!” ብላ ጮኸች። “ልጄ ነው የሚስቀው! መልሱት!” አለች።

መለስነው። በዚያ ሁሉ ሰው ሳቅ መሃል አንድ ሳቅ አለ። ይንደረደር ይንደረደርና መጨረሻው ላይ ስቅ ይላል፣ ዘይት እንዳጣ የጉድጓድ መዘውር። እኔም አወቅኩት። ምስሉን አስቁሜ ስፈልግ ከግመል ጋሪው አጠገብ ቢጫ ጥምጣም ያሰረ ሰው አየሁ፤ ሲስቅ ጥርሱን በመዳፉ ይሸፍናል። ኻሚሶም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ወንድሜ ከጠፋ አሥር ዓመት አልፏል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ግመል ሊያጠጣ ወጣ። ግመሉ ለብቻው ወደ ቤት መጣ። ልቅሶ እንዳንቀመጥ ሬሳ አላየንም፤ እንዳንጠብቀው ወሬ አልሰማንም።

ሌላ ምንም አልለምናችሁም። ያ ሰው ማነው? ፈጣሪያችሁን በየትኛውም ስም ብትጠሩት፣ በዚያ ስም ይዣችኋለሁ።

አምናት

---

ሙምባይ
ኤፕሪል 11፣ 2013

ውድ አምናት፣

ናማስቴ፣ አዳብም፤ በሁለቱም ወገን ሰላምታ። ደብዳቤሽ ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ከርሞ እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔ ሚናል ጎክሌ እባላለሁ፤ ከረዳት ዳይሬክተሮቹ አንዷ ነኝ። ሕዝብ የሚታይበትን ቦታ ሁሉ የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። ስትናገሪ ብሰማሽ እንደምግባባሽ አውቃለሁ፤ ፊደልሽን ግን ማንበብ አልችልም። ቋንቋችን ለጆሮ አንድ፣ ለዓይን ሁለት ሆኖብን የለ? ያነበቡልኝ ሁላችንም “ቻቻ”፣ አጎቴ፣ የምንላቸው ልብስ ሰፊያችን ሙኒር ቻቻ ናቸው። ይህንንም እኔ እየተናገርኩ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ጥምጣሙን ያሰሩት እሳቸው ስለሆኑ ትችታችሁ እንዳስከፋቸው ንገሪልኝ ብለዋል።

መልሴ የዘገየው ፊልሙን ወደ ቀረጽንበት፣ ከድንበሩ በእኛ በኩል ወዳለው ባርሜር ሰው ልኬ ስለነበር ነው። ቢጫ ጥምጣም ያሰረው ሰው ፑናራም ይባላል። በግ አርቢ ነው። አባቱም አያቱም እዚያው ተወልደው እዚያው ኖረዋል። ጥርሱን የሚሸፍነው የፊት ጥርሱ ስለወለቀ ነው። ያንቺን ጉዳይ ሲሰማ አዝኖ “እህቴ ብትሆን ደስ ባለኝ” ብሏል።

እናትሽ ሰማሁት ያሉት ሳቅም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የሱ አይደለም። በረሃው ላይ ነፋስ ስለነበር ድምፁ ሁሉ ተበላሽቶብን ነበር። የሕዝቡን ሳቅ በኋላ እዚህ ሙምባይ ስቱዲዮ ውስጥ በቅጥር ሰዎች አስቀዳነው። እናም ያ ሳቅ ከዚያ ቦታ የመጣ አይደለም።

ይህን ከምነግርሽ ባልጽፍልሽ ይሻል ነበር። ለእናትሽ እጅ ንሺልኝ።

ሚናል

---

ኡመርኮት አካባቢ
ሜይ 20፣ 2013

ሚናል እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለሙኒር ቻቻም እንዲሁ፤ ስለ ጥምጣሙ እኔ ራሴ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ደብዳቤሽ ተከፍቶ፣ በሙጫ ተመልሶ ታሽጎ ደረሰኝ።

አንብቤው ስጨርስ ለእማ ልደብቃት አስቤ ነበር። “ምን አሉ?” እያለች በር በሩን ስትጠብቅ ሰነበተች። በመጨረሻ አነበብኩላት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ እጄን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

“ሳቁ የተቀዳው ሙምባይ ነው አለች?”

“አዎ እማ።”

“ታዲያ ልጄ ሙምባይ ነዋ! አንቺ ደግሞ አስተማሪ ነኝ ትያለሽ!”

ሚናል፣ እማ ዓይኗን ትሳሳት ይሆናል እንጂ ጆሮዋን አትሳሳትም። እኔ በጋሪው አጠገብ ያለውን ሰውዬ ወንድሜ ያደረግኩት ልቤ ስለፈለገ ነው። እሷ ግን ማንንም አላየችም። የሰማችውን ነው የተናገረችው። የሳቁት ሰዎች እነማን ናቸው? አንድ በአንድ ጠይቂልኝ። እግርሽን እስማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች በሞተር ብስክሌት መጥተው “ከቦምቤይ ምን ጉዳይ አለሽ?” አሉኝ። “ፊልም ወድጄ ነው” አልኳቸው። “በዚህ ዕድሜሽ?” ብለው ሳቁብኝ። ሲሄዱ ግን አልሳቁም። ደብዳቤዬ ቢቆም ተውኩት ብለሽ እንዳታስቢ።

አምናት

---

ሙምባይ
ጁላይ 6፣ 2013
(በሰው እጅ)

አምናት እህቴ፣

ይህን የምታመጣልሽ የሙኒር ቻቻ የወንድም ልጅ ናት። ካራቺ ነው ያገባችው። ደብዳቤውን በሕፃኗ ልብስ ገበር ውስጥ ሰፍተውላታል። አንብበሽ አቃጥይው።

በጁን የጻፍሻቸው ሁለቱም ደርሰውኛል። አዎ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ አለው። አዎ፣ ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን በጥርሱ ይይዛል።

አገኘሁት አምናት። በሕይወት አለ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ አስር ጊዜ ስለምታነቢው። ስቱዲዮው የገበያ ጫጫታ፣ የሠርግ እልልታ፣ የሕዝብ ሳቅ የሚሰጡ ሰዎች አሉት። “መጨረሻው ላይ ስቅ የሚለው ማነው?” ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ባንድ አፍ “ሳቂታው!” አሉ። ሌላ ስም ቢኖረውም እዚህ አልጽፈውም። ከሙኒር ቻቻ ጋር ሄደን ከስቱዲዮው ውጪ ሻይ ቤት አገኘነው። ድንች የተወጠቀበት ዳቦ እየበላ ነበር።

ሙኒር ቻቻ “አገርህ የት ነው ልጄ?” አሉት።

“ሉክናው” አለ፣ እዚሁ ሕንድ ያለችውን ከተማ።

“የኔም አገር! ሉክናው የት?”

“ከሰዓት ግንቡ አጠገብ፣ ጀርባው ላይ።”

“እዚያ ያለው ኩሬ ነው፤ ዓሣ ነህ እንዴ?”

ሳቀ። አምናት፣ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ፊቱ ጨለመና ዳቦውን አስቀምጦ ሊነሳ ሲል “እናትህ በሳቅህ አወቀችህ” አልኩት። “አምናት ትባላለች ደብዳቤ የጻፈችልኝ።”

ቆሞ ቀረ። መጀመሪያ ያለው ቃል “እማ አለች?” ነው። “አለች ነው የምትይኝ? አሁን? ዛሬ?” አለኝ። አለች ስለው ቁጭ ብሎ ስቅ ስቅ አለ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። የሻይ ቤቱ ልጅ ቀልድ የነገርነው መስሎት አብሮ ይስቅ ነበር።

ካገኘሽው እንዴት እንደጠፋ ጠይቂው ብለሽኝ ነበር። የወጣው ግመል ሊያጠጣ አይደለም። ግመሉን ራሱ ወደ ቤት ሰዶታል። ባርሜር ከተማ በትልቁ አዳራሽ ፊልም እንደሚታይ ሰማ። በዚያ ወር አሸዋው የድንበሩን አጥር ውጦት ነበርና እንደ ጉብታ ተራመደው። “አንድ ፊልም በትልቅ መጋረጃ ላይ አይቼ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ብዬ ነበር” አለ። ሲመለስ ነፋሱ አሸዋውን ገፎት አጥሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወታደሩም በዝቷል። ካንዱ የጭነት መኪና ወደ ሌላው እያለ እዚህ ደረሰ።

“ፊልሙንስ አየኸው?” አሉት ሙኒር ቻቻ።

“ግማሹን። መብራት ጠፋ።”

ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ አለው። ሚስቱ የምታውቀው ወላጅ አልባ የሉክናው ልጅ መሆኑን ነው። ማንነቱ ቢታወቅ ሰላይ ነው የሚሉት። ከሰፈሩ አንድ ሰው ወደ ካራቺ በደወለው አንድ ስልክ ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም። ስለዚህ አይደውልም፣ አይጽፍም። ድምፁን ቀድቼ ልላክ ብል የሙኒር ቻቻ የወንድም ልጅ “በድንበሩ ባቡር ጣቢያ ስልክና የድምፅ ካርድ ሁሉ ከፍተው ይሰማሉ፣ ልጄን ይዤ አልሞክረውም” አለችኝ። አልፈርድባትም።

ከእንግዲህ በፖስታ ስንጻጻፍ እሱን “ግመሉ” እንበለው።

ሚናል

---

ኡመርኮት አካባቢ
ኦገስት 22፣ 2013
(በሰው እጅ)

ሚናል እህቴ፣

አላህ እድሜሽን ያርዝመው። ሙኒር ቻቻንም አፈር አይንካቸው። ይህን ጽፌ ቀድጄ፣ እንደገና ጽፌ ነው። ቁጣዬ እስኪበርድ ጠብቄ ነበር፤ አልበርድ አለኝ።

ፊልም! ሚናል፣ ፊልም ሊያይ! ውኃ ጥም ገደለው ብለን፣ ሽፍታ ወሰደው ብለን፣ እባብ ነደፈው ብለን አሥር ዓመት ስንሞት የኖርነው ለፊልም? አባታችን በግመሉ ዱካ ወጥቶ አልተመለሰም። በሳምንቱ አሸዋው ላይ ተደፍቶ አገኘነው። ኮዳው ባዶ ነበር። ይህን ለወንድሜ እንዳትነግሪው። ወይም ንገሪው። ይወቀው። ምን እንደምልሽ አላውቅም። ተይው፣ አትንገሪው።

እማ እንዴት ሆነች ትዪ ይሆናል። ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት። “ግማሹን አየ፣ መብራት ጠፋ” ያልኳት ጊዜ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። “የኔ ልጅ፣ ዕድሉ!” አለች። ከዚያ ስለ ሴት ልጁ ጠየቀችኝ፣ ስሟ ማነው አለችኝ። አልጻፍሽልኝም። ስለማላውቀው ያንቺን ስም ሰጠኋት፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ደስታው ግን አላሻላትም። የሞተ መስሏት ሳለ ትበላ ነበር። አሁን መኖሩን ካወቀች ምግብ አልወርድላት አለ። ትናንት እንዲህ አለችኝ፦

“ሳቁን ሰማሁ። ሳቅ ግን ለሁሉም ነው። ለኔ ብሎ አንድ ቃል ይናገረኝ።”

ከየት ላምጣላት? ከድንበሩ አጠገብ የእጅ ስልክ አይሠራም። ከተማ ወጥቼ እንዳልደውል የሞተር ብስክሌቱ ሰዎች ከኋላዬ ናቸው። ሰው አይሻገር፣ ስልክ አይሻገር፣ ደብዳቤም በሕፃን ልብስ ተሰፍቶ ነው። ያለ ቪዛ የሚመጣው የእናንተ ፊልም ብቻ ነው። እዚያ ዓርብ ወጥቶ እዚህ በሳምንቱ ገበያ ላይ ይሸጣል። ማንም አይከለክለውም፤ የሚከለክሉት ራሳቸው ያዩታል።

ሚናል፣ የምለምንሽን መናገር አፍራለሁ። በሚቀጥለው ፊልማችሁ ውስጥ፣ ሕዝብ በሚጮህበት ቦታ፣ አንድ ቃል ያስገባ። በበረሃችን ንግግር። ማንም አይገባውም፣ ጫጫታ ነው የሚመስለው። እሷ ትሰማዋለች። አይሆንም ካልሽኝ እንዳትጽፊልኝ፤ አይሆንም የሚለውን ማንበብ አልችልም።

አምናት

---

ሙምባይ
ጃንዋሪ 15፣ 2014

አምናት እህቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እናትሽስ? ስለሳቸው ሦስት ጊዜ ጠይቄሽ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩና ስለ ተማሪዎችሽ ብቻ መለስሽልኝ። ብርዱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ማገዶ እንደሌለው አሁን በደንብ አውቄያለሁ። እናትሽ እንዴት እንደሆኑ ግን አላውቅም። ካስቀየምኩሽ ንገሪኝ።

ስለ ግመሉ ደስ የሚል ወሬ አለኝ። በጤናው ነው፣ ይበላል። ቤት ቀይሯል። ግልገሏ ሱሄላ ትባላለች፤ ጠይቀሽኝ ነበር።

አዲሱ ፊልማችን በማርች ይወጣል። የሠርግ ቀልድ ነው። ሙሽራው ከፈረስ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ሲገባና አጃቢው ሲንጫጫ ጆሯችሁን አቁሙ። ግመሉ እዚያ ጋ ይጮኻል። ድምፅ ቀጂው “ይህ ምን ቋንቋ ነው? ላጥፋው?” ብሎ ነበር። “የገጠር ሠርግ ነው፣ ያምራል፣ ተወው” አልኩት። ምን እንዳለ እኔ አልገባኝም፣ ሙኒር ቻቻም አልገባቸውም። ብንጠይቀው “የናንተ አይደለም” አለን።

ወደ ማይክራፎኑ ሲቀርብ ጫማውን አውልቆ ነበር።

ሚናል

---

ኡመርኮት አካባቢ
ሜይ 9፣ 2014
(በሰው እጅ)

ሚናል እህቴ፣

አላስቀየምሽኝም። በዚህ ዓለም ላይ አንቺን የምቀየምበት ምክንያት የለኝም።

እማ የሞተችው ባለፈው ኖቬምበር ነው። በጠዋት፣ ውኃ ላሞቅላት ወጥቼ ስመለስ። አልጻፍኩልሽም። ብነግርሽ ትነግሪዋለሽ፣ ብትነግሪው አይናገርም ብዬ ፈራሁ። ለማን ይናገራል ብዬ እንደሆነ አትጠይቂኝ። እሷ ሄዳለች። ድምፁ ግን ወደዚህ ቤት እንዲመጣ ፈለግኩ። ይህ ኃጢአት ከሆነ በራሴ ላይ ይሁን።

ፊልሙ እንደልማዱ በሳምንቱ መጣ። ሐጂ ሳሌህ ግቢ ተሰበሰብን። ሴቶቹ የእማን ቦታ ክፍት ትተውላት ነበር፤ እኔ ግን ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ሙሽራው ፈረሱ ላይ ወጣ። ወደቀ። ጭቃው ውስጥ ገባ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ ትከሻዬን እየመታች ትስቃለች፣ ልጆች መሬት ላይ ይንከባለላሉ፣ እኔ “ዝም በሉ!” ልበል እንዳልል የሞተር ብስክሌቱ ሰዎች ዘመድ ከፊቴ ተቀምጧል።

በዚያ ሁሉ መሃል መጣ። ሁለት አፍታ አይሞላም።

“እማ፣ በልቻለሁ። አምናት፣ እማን አደራ።”

ይኸው ነው። ቀጥሎ ከበሮ ተመታ።

ከግቢው ማንም አልሰማውም መሰለኝ። ሐጂ ሳሌህ ብቻ ዞር ብለው አዩኝ። ተነስተውም ቦታቸውን ለቀቁልኝ።

ሚናል፣ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ስሜን ጠራና አደራ ሰጠኝ። ምን ልመልስለት? አደራው ሲደርሰኝ መቃብሯ ላይ ሣር በቅሏል። እኔ እኮ ጠብቄያታለሁ። አጥቤያታለሁ፣ አጉርሻታለሁ፣ ሌሊት በተጣራች ቁጥር ተነስቻለሁ። አሁን ግን ያንን ቃል በሰማሁ ቁጥር አደራ በላ የሆንኩ ይመስለኛል። ሲዲውን ገዝቼዋለሁ። ማታ ማታ አልከፍተውም፤ ጎረቤት ይሰማል። ቀን፣ ሴቶቹ ወደ ጉድጓድ ሲወርዱ እከፍተዋለሁ። ሙሽራው ይወድቃል፣ እሱ ይጠራኛል፣ ከበሮው ይመታል።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የሙኒር ቻቻ የወንድም ልጅ ነገ ትሄዳለች፤ ለወንድሜ የምትዪውን በደንብ ያዢልኝ። እማ መሞቷን አትንገሪው። አባታችንንም አትንገሪው። እዚያ የሚያለቅስበት ሰው የለውም፤ ሚስቱ “ምን ሆንክ?” ብትለው ምን ይላታል? በዚህ በኩል እኔ አለቅስለታለሁ፣ ይበቃል። አንቺም መዋሸት ከከበደሽ ሙኒር ቻቻ ይንገሩት። ሽማግሌ ሲዋሽ አላህ ይቅር ይላል።

በሚቀጥለውም ፊልም ቅጠሪው። ባይናገርም ይሳቅ።

እማስ ሰማች ወይ ብሎ ከጠየቀሽ፣ መጠየቁ ደግሞ አይቀርም፣ ሰማች በይው። ሁለት ጊዜ አስመለሰችው በይው። “ድምፁ ወፍሯል፤ የሚስቱ እጅ ይባረክ፣ ደህና አድርጋ ታበላዋለች ማለት ነው” አለች በይው።

እህትሽ አምናት